ያልቀመስነው ፎርማጆ

ዩኒቨርሲቲ መግባቴ የታወቀ ዕለት የአክስቴ ባል አያ ሃብቶም እጄን ጨብጦ፣ «እንግዲህ ጡረታ ወጣሽ» አለኝ። «በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጡረታ የወጣች በአስመራ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። አበሉን ግን ከእኔ አትጠብቂ።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ከዐሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በእረፍት ወራትም ቀኑን ሙሉ፣ በአክስቴ ዘንድ ሠርቻለሁ። ባልዲ አጥቤያለሁ፣ ወተት አሙቄያለሁ፣ በየደንበኛው በር ቆሜ አስተርጉሜያለሁ። አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ያ ሥራ አልቋል። ሳይጠፋኝ ልጽፈው የፈለግሁት በተለይ አንድ ጥያቄ ስላለበት ነው። ጿሚ ሰው፣ በጾም ወራት፣ ሊቀምሰው የማይችለውን ምግብ አሳምሮ የሚሠራው እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ አሁንም ደስ ይለኛል።

አክስቴን አሞ ለተ እላታለሁ። አሞ በትግርኛ የአባት እህት ማለት ነው። የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ በከረን መንገድ ዳር ሲሆን፣ እኔና እናቴ ከምንኖርበት ከዓባ ሻውል በእግር ይደረሳል። ቦታው ቀድሞ የአንዲት ጣሊያናዊት ነበር፤ ሲኞራ እንላት ነበር እንጂ ስሟን የሚጠራ አልነበረም። አሞ ለተ እዚያ የገባችው ላም ልታልብ ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ፎርማጆውን የምትሠራው እሷ ሆነች።

አማርኛ የሚያነብ ሰው አይብ ሲባል ነጩን፣ የሚፈረፈረውን ያስባል። ፎርማጆ ሌላ ነው። ወተቱ በመዳብ ጎላ ለብ ይላል። ከሚጠባ ፍየል ግልገል ጨጓራ በተዘጋጀ ውሃ እንዲረጋ ይደረጋል። የረጋው ይቆራረጣል፣ በጨርቅ ታስሮ ድንጋይ ይጫንበታል፣ ጨው ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያም ጨለማ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ክብ ነው፤ ቅርፊቱ እየጠነከረ፣ ውስጡ እየበሰለ ይሄዳል። ጨጓራው የተዘፈዘፈበትን ውሃ ሲኞራ ካልዮ ትለው ነበር። እኛም ሌላ ስም አላወጣንለትም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ማጠብ ነበር። ጎላው፣ ጨርቁ፣ መደርደሪያው፣ ወለሉ፤ ሁሉም በፈላ ውሃ። ደመወዜ በመስከረም የሚገዛልኝ ጫማና የደንብ ልብስ ነበር፤ እናቴ በዚህ ደስተኛ ስለነበረች እኔም ደስተኛ ነበርሁ። ከዚያ ወደ ማገላበጥ አደግሁ። በየቀኑ እያንዳንዱን ፎርማጆ ማዞር ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንድ ጎኑ ይረጥባል። ቀጥሎ ወደ ማድረስ ተላክሁ። ይህኛው ሥራ አለማፈርን ይጠይቃል። አንድ ቀን የበሰለ ፎርማጆ በዘንቢል ይዤ አውቶቡስ ስሳፈር፣ ገና ሁለተኛው ፌርማታ ሳንደርስ ሰዎች መስኮት መክፈት ጀመሩ። ትኬት ቆራጩ መጣና፣ «ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ማን ነው የሞተው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በአያ ሃብቶም የፈረስ ጋሪ ብቻ ነው ያደረስነው።

አሞ ለተ አስተማሪ ነኝ ብላ አታውቅም። ግን የማውቀውን ያወቅሁት እሷን በማየት ነው። ወደ ጨለማው ክፍል ስንገባ በጣቷ አንጓ ፎርማጆውን ኳ ኳ ታደርግና ጆሮዋን ታስጠጋለች።

«ምን አለሽ?» እላታለሁ።

«አንቺንስ ምን አለሽ?»

ጥያቄን በጥያቄ መመለስ ልማዷ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ያናድደኝ ነበር። ቆይቼ ግን ውስጡ የተነፋው እንደ ከበሮ፣ ደህናው እንደ ጥድ ሳንቃ እንደሚሰማ ራሴ ደረስሁበት። ሌላም ልማድ ነበራት። የሆነ ነገር ከመወሰኗ በፊት የእጇን ጣቶች ታሸታለች፤ ሐሳቧ እዚያ የተቀመጠ ይመስል። አንድ ጊዜ እኔም የራሴን አሸተትሁ። ሳሙና ብቻ ሸተተኝ።

ሲኞራ ደግሞ ትቀምስ ነበር። ሁሉን ትቀምሳለች፤ ወተቱን፣ ጨው ውሃውን፣ ካልዮውን ሳይቀር። ትንሽ ጣቷን ካልዮ ውስጥ ነክራ ምላሷ ላይ ታደርግና፣ «ዛሬ አንድ ማንኪያ» ወይም «ዛሬ ግማሽ» ትላለች። እኛ በዐቢይ ጾም ስንጾም እሷ ትቀምስልናለች። «እጁ የለተ፣ ምላሱ የኔ» ትል ነበር በተሰባበረ ትግርኛ። ያን ጊዜ ቀልድ ነበር የመሰለን።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ሲኞራ አርጅታ ወደ አገሯ ተመለሰች። ላሞቹንና ዕቃውን አሞና አያ ሃብቶም ገዙ። ጭንቁም ያን ጊዜ ጀመረ። የድሮ ደንበኞቻችን ጣሊያኖች ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ቤታቸውን እየሸጡ ይሄዱ ነበር። በቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር አበባ የከበባቸው ቤቶች ውስጥ አሁን የሚገቡት ከመሃል አገር የመጡ የመንግሥት ሹማምንትና መኮንኖች ናቸው። እነሱ እንደ እኛ ይጾማሉ።

አያ ሃብቶም ይህን አይቶ ሐሳቡን ቆርጦ ነበር። እዳጋ ሓሙስ ገበያ አንድ የከብት ነጋዴ ያውቃል፤ ላሞቹን ሸጦ በታክሲ የምትሠራ አሮጌ ፊያት መግዛት ፈለገ።

«ላም በጾምም ትበላለች፣ በጾምም ትታለባለች፤ ወተቷን ግን ማንም አይጠጣም» አለ። «ማኪና ጾም የላትም።»

«ማኪና ጥጃስ አላት?» አለችው አሞ።

«ጥጃ የላትም፤ በረትም አታቆሽሽም።»

አሞ ለተ ጣቶቿን አሸተተች። ከዚያ፣ «የጾሙን ወተት አንሸጠውም። ፎርማጆ እናደርገዋለን። እስከ ፋሲካ ራሱ ጾሙ ያበስለዋል» አለች።

እኔ ይህን ስሰማ ተገረምሁ። ጾሙ ወተቱን ከገበያ ያስወጣዋል፤ ያው ጾም ፎርማጆውን የሚያበስል ጊዜ ይሰጣል። አያ ሃብቶምም ፋሲካውን አይቼ እወስናለሁ አለ። ፎርማጆው ከተሸጠ ላሞቹ ይቀራሉ፤ ካልተሸጠ ይሄዳሉ። አሞ በሕይወቷ ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የላሞቹ ብቻ አልነበረም።

ጾሙ ከመግባቱ በፊት ደንበኛ ፍለጋ ቪላጆ ጀኒዮ ሄድን። አሞ አማርኛ አትችልም፤ እኔ በትምህርት ቤት ስለተማርሁ አስተርጓሚ ሆንሁ። የአንድ መኮንን ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ራሳቸው በር ከፈቱልን። የሸዋ ሰው ናቸው፤ ፈገግታቸው ቅርብ ነው።

እኔም በጥሩ አማርኛዬ፣ «እሜቴ፣ አይብ ይዘን ነው» አልሁ።

ጨርቁን ገልጠው አዩት። በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «አይብ? የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የወፍጮ መጅ ነው!»

«እንታይ ትብል ኣላ?» አለችኝ አሞ፤ ምን ትላለች ማለቷ ነው።

«ጠንካራ ነው አለች።»

«ንገሪያት፤ ጠንካራ ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ሳቁና ቢላ አስመጡ። ያ በሲኞራ ጊዜ ከተሠሩት የመጨረሻው ነበር። ቀመሱ፣ ደገሙ፣ ለሠራተኛቸው አቀመሱ። «ኧረ ይጥማል! በሞቴ እንዴት ነው የሚሠራው? ለፋሲካ የባለቤቴ ጓደኞች ከነሚስቶቻቸው እኔ ዘንድ ነው የሚፈስኩት። ስድስት አምጪልኝ በያት።» አሞ ሲተረጎምላት «የቐንየለይ» ብላ አመሰገነችና አንገቷን ሰበር አደረገች።

ጾሙ ገባ። ካልዮውን አሞ ራሷ አዘጋጀች። ጨጓራውን ጨው ነስንሳ፣ አድርቃ፣ ዘፍዝፋ፤ ሁሉን እንደ ወትሮው። ከዚያ ጣቷን ነክራ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ቆመች። ሲኞራ ብትኖር ኖሮ እዚህ ላይ ትቀምስ ነበር።

«እንዴት ነው?» አልኋት።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

እኔም አሸተትሁ። የጨጓራ ውሃ ሸተተኝ፤ ከዚያ በላይ ምንም አላውቅም።

«ደካማ ይመስለኛል» አለች፤ ትንሽ ጨመረችበት። በማግሥቱም ትንሽ ጨመረች። ወተቱ ወዲያው ይረጋ ነበር፤ ቢላ ሲገባበት ተሰንጥቆ ንጹሕ ውሃ ያወጣል። እንዲህ ያለ አረጋግ በሲኞራም ጊዜ አላየንም። ደስታችን ልክ አልነበረውም። አያ ሃብቶም እንኳ ብቅ እያለ፣ «እንዴት ነው፣ የሴቶች ፋብሪካ?» ይለን ነበር።

ቅዳም ሹር ስድስቱን ወይዘሮ አስካለ ቤት አደረስን። አንኳኩተን ሰምተናቸዋል፣ አሽተናቸዋል፤ ሁሉም ሙሉ ነበሩ። አንዱንም ግን አልቆረጥንም፤ ማን ይቀምሰዋል?

የፋሲካ ጧት ከገበታ ስንቀመጥ አሞ ለቤቱ ያስቀረችውን አንድ ፎርማጆ ቆረጠች። ውስጡ የሚያምር ነበር፤ ቢጫ፣ ድፍን። አያ ሃብቶም ቀድሞ ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ። ቀጥሎ እኔ ቀመስሁ። መጀመሪያ ጨው፣ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ከምላስ ሥር የሚነሳ ምሬት፤ እንደ መድኃኒት ክኒን የማይሄድ ምሬት። አሞ ለተ የኛን ፊት አይታ ቆየት ብላ ቀመሰች።

«መሪር» አለች።

ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። አያ ሃብቶም ሮጦ ፈረሱን ጋሪው ላይ ጠመደ። የወይዘሮ አስካለ እንግዶች ከመብላታቸው በፊት ለመድረስ ነበር። ቪላጆ ጀኒዮ ስንደርስ ግን በሩ ላይ የቆሙት ማኪናዎች ብዛት እንግዶቹ እንደቀደሙን ነገረን። ወይዘሮ አስካለ በጥልፍ ቀሚሳቸው እንዳሉ ወጡ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

«እንግዶቼ ፊት ነው የቆረጥሁት» አሉ። «የባለቤቴ አለቃ ሚስት አፏን በመሐረብ ይዛ ወጣች። እስቲ ጠይቂልኝ፤ ሳትቀምሰው ነው የሰጠችኝ?»

ተረጎምሁ። አሞ ለተ መሬት መሬት እያየች፣ «ጾም ነይሩ» አለች።

ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም። እሳቸውም ያን ሁሉ ጊዜ የጾሙ ሰው ናቸው። «እውነቷን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም ብሆን አልቀምሰውም። ግን ይመራል።» በሩን ዘጉ።

አያ ሃብቶም አሞን አልወቀሳትም። በዚያው ሳምንት ሁለት ላሞች ለነጋዴው ሸጠ። «ሁለቱ እስከ ልደት ይቆዩ» አላት። «የልደት ጾም ደግሞ ይመጣል። አሁንም እንዲህ ከሆነ ግን አትለምኚኝ።»

«አልለምንህም» አለች።

ከዚያ በኋላ በቤቱ የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ ከየት መጣ ይህ ምሬት? አያ ሃብቶም መኖውን ጠረጠረ፤ ሣር ሲጠፋ ለላሞቹ የበለስ ቅጠል ሰጥተን ነበር። አሞ የሰው ዓይን ነው አለች። እኔ ጎላውን ጠርጥሬ ሁለት ጊዜ በአሸዋ ፈተግሁት። የጾሙን ወተት እንቅመስ ብንል አልቋል፤ አሁን የምናልበው ወተት አዲስ ነው፣ ጣፋጭም ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አሞ የሠራችውን የዝግኒ ወጥ በልቼ ጣቴን እየላስሁ ሳለ አንድ ነገር መጣልኝ።

«አሞ፣ ይህ ቅቤ መቼ የተናጠ ነው?»

«በጾም ነዋ። ያን ጊዜ አንጥሬ ያስቀመጥሁት ነው።»

«ከዚያው ወተት?»

እጇ መሶቡ ላይ ቀረ። «ከዚያው ወተት» አለች። ቅቤው አይመርም። እንግዲያው ወተቱ ንጹሕ ነው፤ መኖውም፣ ላሞቹም። ፎርማጆ ውስጥ ገብቶ ቅቤ ውስጥ ያልገባው ምንድን ነው? ጨውና ካልዮ። ጨው አይመርም።

ሁለታችንም እኩል ተነሣን። ያ ሁሉ የተደሰትንበት ፈጣን አረጋግ ካልዮው የበዛበት ነበር። አሞ እንዳያንሰው ብላ ጨመረች፤ የበዛው ካልዮ ደግሞ ወተቱን ካረጋ በኋላ አልተኛም፤ ጨለማው ክፍል ውስጥ ሳምንታት ሙሉ ፎርማጆውን ሲያመርረው ቆየ።

ቀሪው ጥያቄ ይበልጥ ይከብድ ነበር። ካልዮ በየጊዜው ኃይሉ ይለያያል። በምላስ ካልተለካ በምን ይለካል? ሐሳቡ ከማናችን እንደመጣ አላስታውስም፤ እሷ ከእኔ ነው ትላለች፣ እኔ ከእሷ ይመስለኛል። አንድ ስኒ ለብ ያለ ወተት ወስደን አንድ ማንኪያ ካልዮ ጠብ አደረግንበት። ካልዮው ጠንካራ ከሆነ ቶሎ ያረጋል፣ ደካማ ከሆነ ይቆያል። ሰዓት በረት ውስጥ አልነበረንም። ስለዚህ በአቡነ ዘበሰማያት ቆጠርን።

መጀመሪያ እኔ ደገምሁ። በሚቀጥለው ቀን እሷ ደገመች። ውጤቱ አልተገናኘም።

«ካልዮው በአንድ ሌሊት ተለወጠ ማለት ነው?» አልሁ።

«ካልዮው አይደለም። አንቺ አውቶቡስ እንዳያመልጥሽ ነው የምትጸልዪው።»

እውነት ነው፤ እኔ ቶሎ ቶሎ እላለሁ፣ እሷ እያንዳንዱን ቃል ታሳርፈዋለች። ከዚያ ወዲያ እሷ ብቻ እንድትደግም ወሰንን። አያ ሃብቶም በበሩ ሲያልፍ ጸሎት ሰምቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ስኒውን ሲያይ መልሶ አጠለቀው። «እግዚአብሔር ከሁለት አንዱን ይስማችሁ፤ ወይ ጸሎቱን፣ ወይ ወተቱን» ብሎ ሄደ።

ክረምቱን ሙሉ ሞከርን። የፈጣኑን ፎርማጆ በቀይ ክር፣ የዝግተኛውን በነጭ ክር አሰርን። የሐዋርያት ጾም ሲገባ መቅመስ አቆምን፣ ሲፈታ ቀመስን፤ ፍልሰታ ሲገባ እንደገና አቆምን። ረቡዕና ዓርብ ጉጉቴ ይብስብኝ ነበር። በመጨረሻ ተገለጠልን። ስኒው የመጀመሪያው ጸሎት ሳያልቅ ከረጋ ፎርማጆው ኋላ ይመራል፤ ሦስተኛው ላይ ከረጋ ይጣፍጣል፤ ከዚያ ከዘገየ አይጠነክርም። ይህን ባወቅሁ ቀን የተሰማኝን ደስታ በፈተና አንደኛ ወጥቼም አላገኘሁትም።

የልደት ጾም ገባ። ምላስ የለም፤ ጸሎት፣ ስኒ፣ ጆሮ ብቻ። አሞ አንድም ቀን አልጨመረችም።

የልደት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ፎርማጆ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ «ቪላጆ ጀኒዮ ውሰደን» አለችው ባሏን። ቤት ውስጥ አልቆረጠችውም። አያ ሃብቶም በመንገድ ላይ፣ «ከዚያ ቀጥለን እዳጋ ሓሙስ እናልፋለን» አለ። «ነጋዴው ቃሌን እየጠበቀ ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ሲያዩን ፈገግታቸው ወዲያው አልመጣም። አሞ ያዘዘችኝን ተናገርሁ። «ልንሸጥ አይደለም የመጣነው። ፊትዎ ልትቆርጠው ነው።»

«ትቁረጥ» አሉ። «ግን ዛሬ መጀመሪያ እሷ ትቅመስ። እኔ አንድ ጊዜ ተምሬያለሁ።»

አሞ ለተ ቆረጠች። ቁራጩን አሸተተችና አፏ ውስጥ አደረገች። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አኘከች። ፊቷን እያየሁ ምንም ማንበብ አልቻልሁም።

«ቁሩብ ጨው ጎዲሉዎ» አለች።

ትንሽ ጨው ጎድሎታል ማለቷ ነው፤ በዚህ በር ላይ፣ በዚህ ቀን!

«ምን አለች?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ጥሩ ነው አለች» አልሁ።

ወይዘሮ አስካለ ትኩር ብለው አዩኝ። «ጨው ስትል ሰምቻለሁ። ጨው በእናንተም ጨው ነው፣ አይደል?»

ጆሮዬ ጋለ። «ትንሽ ጨው ጎድሎታል አለች።»

ይህን ጊዜ ፈገግታቸው መጣ፤ ቀጥሎ ሳቁ። «የራሷን ዕቃ ጎደሎ ነው የምትል ሻጭ ዛሬ ገና አየሁ» ብለው ቢላውን ከአሞ እጅ ተቀበሉ። ቀመሱ። ቆዩ። ደግመው ቆረጡ። «ጨውስ አልጎደለውም፤ ተሳስታለች በያት። ምሬትም የለውም። ለጥምቀት ሁለት፣ ለፋሲካ ስድስት። ግን ለፋሲካ ጨው ጨምሬበታለሁ ብላ እንዳታበላሸው!»

ተረጎምሁላት። አሞ ራሷን ነቅንቃ፣ «ኣይፋልን፣ ጎድሎታል» አለች፤ ይህን አልተረጎምሁም።

ስንወጣ አያ ሃብቶም ልጓሙን ይዞ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ሁለታችንን ይጠይቃል።

«በላችው?» አለ።

አሞ ለተ ነጠላዋን አስተካክላ ከጎኑ ወጣች። «እኔ በላሁት» አለች። «ላሞቹ አይሸጡም።»

አያ ሃብቶም ልጓሙን ሳብ አደረገና ፈረሱን ወደ እዳጋ ሓሙስ ሳይሆን ወደ ከረን መንገድ አዞረው።